የአውሮፕላን ምራቂ

በእኛ አገር ሚዛን ልክ ላይ ከቆመ ሻጩ ንፉግ ነው። ልክ መሆን አይበቃም፤ ሚዛኑ ትንሽ ወደ ገዢው ዘንበል ማለት አለበት። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ተመዝኖ፣ ልክ መሆኑን ሻጭም ገዢም በዓይናቸው በብረቱ አይተው ከተማመኑ በኋላ፣ አንዲት ራስ ሽንኩርት ከላይ ጣል ካልተደረገች ግብይቱ ተቋረጠ እንጂ አልተፈጸመም። ያቺ ከላይ ጣል የምትደረገው ምራቂ ናት። እናንተም አትጠፋችሁም። በዋጋው ግማሽ ቀን ተሟግታችሁ፣ ተሸንፋችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ፌስታላችሁን ካንጠለጠላችሁ በኋላ «በይ እንግዲህ መርቂልኝ» ብላችሁ በአንዲት ቃሪያ ቂማችሁ የወጣላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ቃሪያዋ ወጡን አታሳምረውም፣ የተከፈለውንም አትመልሰውም። ግን ሻጯ ሰው መሆናችሁን አየች ማለት ነው፤ ይኸው ነው።

ቃሉን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ልጅ ሲባርክ መረቀ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ጥቁር ካባ አልብሶ ሲሸኝ አስመረቀ ይባላል። ሽንኩርት ሻጯ አንዲት ራስ ስትጨምርም መረቀች ነው የምትባለው። አማርኛ ለሦስቱም አንድ ቃል የሰጠው ቃል አጥሮት አይመስለኝም፤ ሦስቱም ከልክ በላይ የሚሰጡ ስለሆኑ ነው። ከሦስቱ መካከል ለእራት የምትደርሰው የሽንኩርቷ ብቻ መሆኗን ግን ሥራ የሚፈልጉ ተመራቂዎች ሁሉ ይመሰክራሉ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ሽንኩርት ላወራችሁ አይደለም። ስለ አውሮፕላን ነው። ታገሡኝ፣ እንደርሳለን።

እንጀራዬ ቃሊቲ ነው። ቃሊቲ ስል ምን እንደታያችሁ አውቃለሁ፤ እሱ አይደለም። «ቃሊቲ ነኝ» ባልኩት ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቼ ትወጣለህ?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። «አሥራ አንድ ተኩል ላይ» እለዋለሁ። የምሠራው ከማረሚያ ቤቱ ራቅ ብሎ፣ ከባድ መኪኖች አቧራውን ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ሲያመላልሱ በሚውሉበት ሰፈር፣ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው የአውሮፕላን ዕቃ ይሠራል፤ ሠርቶም ወደ ጀርመን ይልካል። ይህን ስነግረው የሰው ፊት መጀመሪያ ይደነቃል፣ ቀጥሎ ይጠራጠራል። የአጎቴ ልጅማ ጭራሽ «እንግዲህ እኔ በአውሮፕላን መሄድ አበቃሁ» ብሎኛል። እስከዚያ ቀን ሄዶም አያውቅ።

ሞተር ወይም ክንፍ እንዳይመስላችሁ። ብራኬት ነው። አውራ ጣት የምታህል፣ ጎበጥ ያለች፣ ሁለት ቀዳዳ ያላት የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት፤ ከአውሮፕላኑ የውስጥ ግድግዳ ጀርባ ተደብቃ ሽቦዎችን አቅፋ ትይዛለች። ተሳፋሪ አያያትም፣ አብራሪው አያውቃትም። እናቴ አንድ ቀን ናሙናዋን ኪሴ ውስጥ አግኝታ የመጋረጃ መስቀያ አድርጋት ነበር። ሰፈራችን የገባ ብረት አብዛኛውን ጊዜ በር ወይም የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ሆኖ እዚያው ሰፈር ይዝጋል። ይቺ ግን ተቆርጣ፣ ጎብጣ፣ ተፈትጋ፣ በእያንዳንዷ ላይ የራሷ ቁጥር ተቀርጾባት፣ ሁላችንም ሄደንበት ወደማናውቀው አገር ትሄዳለች። አንዳንዴ ቅናት ይሰማኛል፤ ቪዛ እንኳ አልጠየቋትም።

የእኔ ሥራ ፈረንጅ የሚጽፈውን ለሐበሻ፣ ሐበሻ የሚለውን ለፈረንጅ ሁለቱም ሳይቀየሙ ማድረስ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ሰብለ ናት፤ ወጣት ኢንጂነር፣ ፈጣን፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ። ጀርመኖቹን ያመጣችው እሷ ናት። የመጀመሪያው ትእዛዝ የሙከራ ነበር፦ ከወደዱት ትልቁ ሥራ ይከተላል፣ ካልወደዱት ባለቤቶቹ ማሽኖቹን ወደ መስኮት ፍሬም ሥራ ሊመልሱ ቆርጠዋል። ሰብለ ያኔ ከእንቅልፍ ጋር ተጣልታ ነበር። «አንድ ስህተት፣ አንድ፣ ከዚያ አለቀልን» ትለናለች በየቀኑ። እኛም ፈርተን ሥራችንን እንደ ንስሐ ያዝነው።

አሁን ጋሽ ሸምሱን ላስተዋውቃችሁ። የማሸጊያ ክፍላችን አለቃ ናቸው። ዕድሜያቸው ከስልሳ ዘለል ብሏል። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው ዕድሜ ልካቸውን ሳሪስ አቦ ሱቅ የያዙ ሰው ነበሩ፤ ምስር፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ የጠፋ ነገር ሁሉ እሳቸው ጋ አይጠፋም ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ሱቃቸው ፈረሰ። በዚያ ዕድሜ ማን ይቀጥራል? ሰብለ እጃቸው ዕቃ መጠቅለል የለመደ መሆኑን ሰምታ ማሸጊያ ክፍል አስገባቻቸው። ባለቤታቸውና ነርስነት የምትማር ልጃቸው የሚኖሩት በእኚሁ እጆች ነው። እጆቹም ሐሰት የለባቸውም፤ ጋሽ ሸምሱ ያሸጉት ሳጥን ከፎቅ ቢንከባለል ድምፅ አይሰጥም።

ታዲያ የሙከራው ጭነት ሲታሸግ ምን ሆነ መሰላችሁ? ከታዘዘው ጥቂት አብልጦ መሥራት የፋብሪካ ልማድ ነው፤ አንዷ ብትበላሽ እንድትተካ። የተረፉት ደህና ብራኬቶች መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ጋሽ ሸምሱ የታዘዘውን በሙሉ ቆጥረው፣ ጠቅልለው፣ አስተኝተው ሲጨርሱ ሳጥኑን አዩት። ልክ ነው። ልክ ብቻ! አርባ ዓመት ሙሉ ያልሠሩትን ነውር አሁን በባዕድ ፊት ሊሠሩት? ከመደርደሪያው አንዷን አነሱ፣ እንደ እህቶቿ በወግ ጠቀለሏት፣ ከላይ ጣል አደረጓት፣ ሳጥኑን አሸጉት። ለማንም አልተናገሩም። ምራቂ ደግሞ ይነገራል እንዴ?

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጀርመኖቹ ጻፉልኝ። ጭነቱ ደርሷል፣ አንድ ብራኬት ትርፍ ሆኖ ተገኝቷል፣ ማብራሪያ ይሰጠን አሉ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። እኔ ያደግሁበት አገር የተላከ ዕቃ ሁሉ ጎድሎ የሚደርስበት ነው፤ የስኳር ጆንያ ቀሎ፣ የነዳጅ ቦቴ ጎድሎ፣ የእርዳታ ስንዴ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ። ተርፎ የደረሰ ዕቃ ሰምቼ አላውቅም። በታላቅ ልግስና «ምንም ችግር የለም፣ ትርፏን ውሰዷት፣ አናስከፍላችሁም» ብዬ መለስኩላቸው። በማግሥቱ ጭነቱን በሙሉ በሽቦ አጥር ውስጥ ቆለፉበት።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው። ሽንኩርት ቤት የጎደለ ነው የሚያጣላው፤ አውሮፕላን ቤት ግን የጎደለ ቢያሳዝን ነው፣ የተረፈ ነው የሚያስደነግጠው። ትርፍ ካለ ከአንድ ቦታ መጥቷል፤ ከየት? መግባት የነበረባት ቦታ ሳትገባ ቀርታስ ቢሆን? ተበላሽታ ተጥላ ስታበቃ አንዱ ሰነፍ መልሶ ከጥሩዎቹ ቀላቅሏት ከሆነስ? አንዷን ካላመንናት እህቶቿን እንዴት እንመን? እያሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ሰነበቱና፣ በመጨረሻ ነገሩን ዓይን ለዓይን የሚያጣራ ሰው ላክንላችሁ አሉ። ሰውየው ማርቲን ይባላል።

ማርቲን ከመድረሱ በፊት ሰብለ ሰበሰበችን። ይህን ያደረገ ሰው ማንም ይሁን ማን ይሰናበታል አለች። ጀርመኖቹ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ጉዳዩ እንደማይዘጋ ነግረዋታል። የስንብት ደብዳቤው ተጽፎ መሳቢያዋ ውስጥ ነው፤ የጎደለው ስም ብቻ ነው። እኔ ጋሽ ሸምሱን አየኋቸው። እሳቸው ደግሞ «ማን ይሆን ይሄ ባለጌ?» በሚል ዓይነት ዙሪያቸውን ያያሉ። እንዴት አትሉም? የምትፈለገው ስህተት ናት፤ እሳቸው ደግሞ ስህተት አልሠሩም።

ማርቲን ረጅም፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። ሰብለ ቢሮ ሻይ ስናቀርብለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ልኩን ቆርጦ በቢላዋ ጠርዝ አስተካክሎ ነው የጨመረው። ይሄኔ ልቤ ወደቀ። ትርፏን ብራኬት በብርጭቆ ዕቃ ዘግቶ ይዟት መጥቶ ነበር፤ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጣትና የማሸጊያ ክፍል ሠራተኞችን አስጠራ። ይቺን ማን እንደጨመራት ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ለቁጣ አይደለም አለ። ለቁጣ አይደለም የሚል ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታውቃላችሁ።

ጋሽ ሸምሱ ብራኬቷን ጎንበስ ብለው አዩዋት። ፊታቸው በራ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «መርቄላቸው ነው።»

በእንግሊዝኛ ለመረቀ ያለኝ ቃል አንድ ነው፤ እሱም የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ሌላ ፈልጌ አጣሁ። «ባርኬያችኋለሁ እያሉህ ነው» አልኩት። ማርቲን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። ቀጥሎም፣ እሺ፣ ብራኬቷን የጨመራትስ ማን ነው አለ። እሳቸው አልኩት። የባረኩህ እኮ በእሷ ነው። ማርቲን ብራኬቷን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆየ፤ ይሄ ሰው ተርጓሚ ነው ወይስ ሌላ የሚል ይመስላል። ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ቃሪያ፣ ስለ ሚዛን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ለእናንተ ከላይ ያወራኋችሁን በሙሉ፤ ስለ ተመራቂዎቹ ያልኩትን ብቻ አስቀርቼ፣ የአገር ገበና ነው ብዬ። በጥሞና ሰማኝና ጋሽ ሸምሱን አንድ ነገር ጠይቅልኝ አለ፦ ለምን?

«ዕቃ ገዝቶ ምራቂ ሳይዝ የሄደ ሰው ተመልሶ አይመጣማ» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ማርቲን ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። በዚህች ብራኬት ምክንያት እኔ ሁለት አውሮፕላን ቀይሬ፣ ሥራዬን ፈትቼ፣ ከጀርመን እዚህ ድረስ መምጣቴን ንገራቸው አለ። ነገርኳቸው።

«ታዲያ፣ መጣ አይደል?» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማርቲንም በግማሽ አፉ ፈገግ አለ። ሰብለ ብቻ አልሳቀችም። መሳቢያዋን ከፈተች። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ያኔ ሳቁ ሁሉ በየአፉ ደረቀ፤ ከጋሽ ሸምሱ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እሷም ፊቷ ልክ አልነበረም። ጨካኝ ናት እንዳትሉብኝ፤ በአንድ ትከሻዋ ላይ የእነዚያን ሁሉ ሰዎች ደሞዝ ተሸክማ የቆመች ልጅ ናት። ማርቲን ግን እጁን አነሳና ቆዪ አላት። እኚህ ሰው ከእንግዲህ ይህን እንደማያደርጉ ቃል ይግቡልኝ፣ እኔም ጉዳዩን እዘጋለሁ አለ። እኔ እፎይ አልኩ። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? አንዲት «እሺ» ናት።

ጋሽ ሸምሱ እሺ አላሉም።

«እኔ ያለ ምራቂ ዕቃ አስሬ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «አላደርግም ብዬ ቃል ገብቼ እጄ ቢስትስ? በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ልሁን?»

በምልክት ለመንኳቸው፣ በዓይኔ ለመንኳቸው፣ በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ኮሪደሩ ይዣቸው ወጣሁ። ጋሽ ሸምሱ፣ ልጅዎ ትምህርቷን አልጨረሰች፣ ምን ነካዎት፣ አንዲት ቃል እኮ ናት አልኳቸው። ልጄን ያሳደግኋት በቃሌ ነው አሉኝ። ትንሽ አሰብ አደረጉና ደግሞ የመስማማት ሐሳብ አመጡ፦ ብረቱ እንዲህ ካስቆጣቸው ከብረቱ አይሁን፤ አንድ እፍኝ ቆሎ በላስቲክ አድርጌ ከላይ ጣል ባደርግላቸውስ? ተመልሰን ገባንና ይህንኑ ተረጎምኩ።

የማርቲን ፊት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። በአውሮፕላን ሥራ ውስጥ «ባዕድ ነገር» የሚባል አለ፤ መገኘት በሌለበት ቦታ የተገኘ ማንኛውም ነገር ነው፤ ጠጠርም ይሁን ክርም ይሁን የወርቅ ቀለበት። ከአውሮፕላን ዕቃ ጋር ተሳፍሮ የሚሄድ የተቆላ ገብስ ሰውየው በሕልሙም መጥቶበት አያውቅም። አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር፦ ቆሎ ዘይት አለው፣ ጨው አለው፣ ይፈረፈራል፣ ቀዳዳ ይደፍናል፣ አይጥ ይጠራል። ጋሽ ሸምሱ በመገረም ሰሙት፤ ቆሎን እንዲህ ያጠናው ሰው አይተው አያውቁም። በመጨረሻ ማርቲን ነገሩን ለመዝጋት ብሎ ጥያቄ ጠየቀ፤ ጠየቀ ልበል እንጂ የጠየቀው መልስ ፈልጎ አይደለም። ክብደት የሌለው፣ የማይፈረፈር፣ የማይዝግ፣ ቦታ የማይዝ፣ ከዕቃው ጋር የማይምታታ ምን የሚጨመር ነገር አለ አላቸው።

«አለ እንጂ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ዱዓ።»

እንግዲህ በአፌ እመርቃለሁ አሉ፤ ሳጥኑ ከመታሸጉ በፊት። ምራቂው ቢቀር ምርቃቱ ይሄዳል። ስተረጉምለት ማርቲን ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን እስክሪብቶውን አወጣ። ኋላ እንደገባኝ እነዚህ ሰዎች ዘንድ «አላደርግም» የሚባል ነገር ዋጋ የለውም፤ ያልተደረገ ነገር አይፈተሽም። «አደርጋለሁ» የሚባል ነገር ግን ይፈተሻል፤ ተደረገ ወይስ አልተደረገም ተብሎ ቁጭ ብሎ ይታያል። ለእሱ መፍትሔ ማለት ይሄ ነው። እስኪ ያሳዩኝ አለ።

ሳጥን መጣ። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም ዘረጋን። «በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ። የያዛችሁትን አትልቀቁ። በላያችሁ የተቀመጠ ሁሉ ቤቱ ይግባ» አሉ። አሜን አልን። ስለ አውሮፕላን ከሰማሁት ሁሉ ሰውን ያስታወሰው ይሄ ብቻ ነበር። ማርቲንም ጎንበስ ብሎ ይሰማ ነበር። ከዚያ ጋሽ ሸምሱ እንደ አባቶቻቸው ወግ ማሳረጊያውን «እንትፍ እንትፍ» አሉበት። ሰውየው ተነስቶ ሳጥኑ ላይ ክዳኑን ገጠመ! ምራቅ ጨው አለው፣ አሉሚኒየም ይበላል አለ። ምራቂውን ሸሽተን ወደ ምርቃት ሄድን፣ ከምርቃቱ ውስጥ ምራቅ ወጣ። አማርኛ ሲያላግጥ እንዲህ ነው።

ከብዙ ድርድር በኋላ የማሸጊያው የሥራ ቅደም ተከተል ላይ አንድ ተራ ተጨመረ። ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት በተፈቀደለት ሰው ይመረቃል፤ የመራቂው አፍ ከሳጥኑ ከአንድ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ እንዳይሆን፤ ምርቃቱ ደረቅ ይሁን። የተፈቀደለት ሰው፦ ጋሽ ሸምሱ። ሰብለ ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ መለሰችው። ጋሽ ሸምሱ ሲወጡ ደብዳቤው የማን እንደነበር አልጠየቋትም፤ «ምሳ ብዪ» ብቻ አሏት።

የተቆለፈው ጭነት ተለቀቀ። ትልቁም ትእዛዝ መጣ። ሠራተኛ ተጨመረ፣ የሠራተኛ ሰርቪስ ቂሊንጦ ድረስ ሄዶ ሰው ያመጣ ጀመር። ጋሽ ሸምሱም ሳጥን በሳጥን ከአንድ ሜትር ርቀት፣ በደረቁ፣ ሲመርቁ ከረሙ። አዲስ ገቢ ልጆች በሌላ ፋብሪካ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

ከዚያ አረፋ መጣ። አረፋ ሲመጣ የስልጤ ሰው አዲስ አበባ አይገኝም፤ ጋሽ ሸምሱም ፈቃድ ወስደው አገራቸው ገቡ። የሚላክ ጭነት አልነበረማ። ይሁን እንጂ ጀርመኖቹ ቸኮሉና ያለቀውን በአስቸኳይ ላኩ አሉ። በዚያው ቀን ደግሞ ከእነሱ የተላከች ሌላ ተቆጣጣሪ ግቢያችን ውስጥ ነበረች፤ ማርቲንን የማታውቅ፣ ስለ ሽንኩርት ማንም ያልነገራት፣ የተጻፈውን ብቻ የምታይ ሴትዮ። ሳጥኖቹ ተደረደሩ፣ መኪናው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆመ። ሴትዮዋ በቅደም ተከተሉ ላይ ጣቷን እያስኬደች ወረደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ይህ አልተደረገም አለች።

ሰብለ ለማስረዳት ሞከረች። እሱ እንኳ ያን ያህል አይደለም፣ የባህል ነገር ነው አለች። ሴትዮዋ ያን ያህል ካልሆነ ለምን ተጻፈ አለች። በአውሮፕላን ሥራ የተጻፈ ነገር የሚሰረዘው ለመጻፍ በፈጀው ጊዜ እጥፍ ነው። አንዱ የማሽን ሠራተኛችን ዲያቆን ነኝ፣ እኔ ልመርቅ ብሎ በቅንነት ወጣ። ለዚህ ሥራ ፈቃድ አለው ወይ ተባለ። ለቅዳሴ አለው፣ ለብራኬት ግን የለውም። ጭነቱ ቆመ። በዚያች ሰዓት በግቢው ውስጥ ካለነው ሁሉ ያለሱ ሥራ የማይሄደው ሰው አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም ግቢ ውስጥ የለም።

ሰብለ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «በምን አፌ ነው የምደውልላቸው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልታባርሪያቸው በነበረው በዚያው አፍሽ ነዋ ልላት ነበር፤ አሳዘነችኝና ተውኩት። ደወለች። ጋሽ ሸምሱ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጡ፤ የነፋሱ ድምፅ፣ የልጆች ጫጫታ፣ የሆነ በግ ሁሉ ይሰማ ነበር። ነገሩን ነገረቻቸው። ችግር የለውም፣ በስልክ እመርቃለሁ አሉ። ሴትዮዋን ጠየቅናት። ደንቡን ደግማ አነበበችው። ከአንድ ሜትር እንዳያንስ ይላል አለች፤ እንዳይበልጥ አይልም። ስልኩ ግን ሳጥኑ አጠገብ ነው ብላ ደግሞ ተጠራጠረች። «ስልኩ ይጠጋ እንጂ አፋቸው ስልጤ ነው ያለው» አልኳት። ይህን መዝግባ ፈቀደች።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሳጥኖቹ እየተራመዱ ከፊቱ አለፉ። ለእያንዳንዱ ምርቃት፣ ለእያንዳንዱ አሜን፣ ለእያንዳንዱ የሴትዮዋ ምልክት። የመጨረሻው ሳጥን አለፈ፣ አሜን ተባለ፣ ተዘጋ፤ ልጆቹ ወደ መኪናው ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ጋሽ ሸምሱ ስልኩን አልዘጉም።

«ሰብለ አለሽ?»

«አለሁ፣ ጋሽዬ።»

«አንቺንም፣ ልጄ፣ ቀን ሲጎድልብሽ የሚመርቅልሽ ሰው አያሳጣሽ።»

ያን ጊዜ የተባለው አሜን ሳጥኖቹ ሁሉ ተደምረው ያላገኙት አሜን ነበር። ሰብለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ትከሻዋ ይነቃነቅ ጀመር። እኔም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሆንኩ። ሴትዮዋ ብቻ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ሳጥኖቹን አንድ በአንድ በዓይኗ እንደገና አለፈቻቸው፣ ምልክቶቿንም አለፈቻቸው፣ ግንባሯ ተቋጠረ። የመጨረሻው ምርቃት ለየትኛው ሳጥን ነው አለችኝ።

«ለሳጥን አይደለም። ለእሷ ነው» ብዬ ሰብለን አሳየኋት።

ሴትዮዋ ሰብለን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻት፣ ወረቀቷንም አየች። እሷ ግን በሚላከው ውስጥ የለችም አለች።

«የለችም» አልኳት። «እሷ አትላክም። የአገር ውስጥ ናት።»